ጠርሙስ ውስጥ የገባው ቡዳ

የእትዬ ብዙነሽ ለቅሶ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቀ። ዓይን አውጣነት እንዳይመስላችሁ። ቀብር ውለን ተመልሰን፣ ንፍሮው ገና ሳይበርድ፣ ለቀስተኛው በሙሉ አፉን በነጠላው ሸፍኖ እየተንፈቀፈቀ እንባውን ሲጠርግ፣ ከሩቅ የመጡ ዘመዶቿ «እነዚህ የገርጂ ሰዎች ጤናም የላቸው» ብለው ሳይታዘቡን አይቀሩም። ይታዘቡን! እነሱ የሚያውቁት በዓመት አንዴ ለጥምቀት የሚያገኟትን ብዙነሽን ነው። የእኛዋን አያውቋትም።

የእኛዋ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ የጣቶቿ ጫፍ ታጥቦ የማይለቅ ቡናማ ቀለም ያለበት ሴት ነበረች። አንድ የቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ማንኛውንም ነገር ከማየቷ በፊት ታሸተዋለች። ወጥ ሲቀርብላት ታሸታለች። ደብዳቤ ሲመጣላት ሳትከፍተው ታሸታለች። አንድ ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሰላም ስላት አንገቴ ስር ገብታ አየር ሳበችና «ተውሰህ ነው የለበስከው፤ ሽቶው የሌላ ሰው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሸሚዙ የወንድሜ ነበር።

በዕድሜ ትበልጠኛለችና መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት ተቆጣችኝ። «እርስዎ የሚባለው መቃብር አፋፍ የደረሰ ሰው ነው። አንቺ በለኝ፣ አንተ ችኩል!» ከዚያ ወዲያ ስሜ ችኩል ሆኖ ቀረ። የቤቷ በር ደግሞ አይዘጋም። ዝናብም ይሁን ብርድ፣ ድንጋይ አስደግፋ ክፍቱን ትተወዋለች። «ሌባ ይገባብሻል» ስንላት «ይግባ፤ አየርም አብሮት ይገባል» ትለን ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ገርጂ ዛሬ የምታዩት ገርጂ አልነበረም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ጤፍ ይዘራል፤ ቤት የሠራነው ሰዎች ጭቃ ውስጥ እየዘለልን ነው የምንኖረው፤ የቧንቧ ውሃም አልደረሰንም። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተባብረን ጉድጓድ አስቆፈርንና ከጎኑ ትልቅ የብረት ታንከር አቆምን። ታንከሩን የበየደው እዚያው ሰፈራችን የሚኖረው ጋሽ ታደሰ ነበር። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ እኔ። ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ክፍል ጭነት ሳራግፍ እውላለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሰፈር ውስጥ አለቃ እሆናለሁ። ሰው ካርጎ ቤት ሲጠጣው የዋለውን ስድብ የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት፤ እኔ የማራግፈው ኮሚቴው ላይ ነበር።

የዚያን ዓመት ዓቢይ ጾም ሲገባ ውሃው መሽተት ጀመረ። እንደ ምን? እንደ በሰበሰ እንቁላል! በጾም! እማማ ዘነበች የሚባሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ምላሳቸውን የሚፈራቸው ባልቴት ነበሩ፤ አንድ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ወጡና «እግዚኦ! ውሃው አስገደፈኝ» ብለው ጮኹ። ሳቅን። በሳምንቱ ግን የሁሉም ቤት ሸተተና ሳቁ ቀረ።

እኔ ሰብሳቢው ምን አደረግሁ? የሚሸት ነገር ይከደናል፤ ይሄንን ሕፃንም ያውቃል። ታንከሩ ላይ ወጣሁና አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ የክዳኑን ዙሪያ ጠፈርኩት፤ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳም በጨርቅ ወተፍኩት። ሽታው ባሰ። አጠበቅሁት። አሁንም ባሰ። ከላዩ ድንጋይ ጫንኩበት። ለማንም አልነገርኩም፤ ሲሳካልኝ ልናገር ነበር ያሰብኩት።

ቀጥሎ ብር መጥቆር ጀመረ። እማማ ዘነበች ከእናታቸው የወረሱት የብር መስቀል በጥቂት ቀን ውስጥ ከሰል መሰለ። ወዲያው ደግሞ ዘይነባ፣ የባለሱቁ የሰይድ ሚስት፣ ከወሎ በሙሽርነቷ ይዛው የመጣችው የብር አምባር ጠቆረባት። ክርስቲያን እስላም ሳይል ሰፈሩ ውስጥ ያለ ብር በሙሉ ጠቆረ። በመጨረሻ ታንከሩ ከስሩ ተበሳስቶ ያንጠባጥብ ጀመር። ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ብረት!

ይሄኔ ነው ሰው ክፉ ነገር ማሰብ የጀመረው። የጋሽ ታደሰ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ። ስለ ቀጥቃጭ በአገራችን የሚባለውን ታውቃላችሁ። ዓይኑ ያረፈበትን ይበላል ይሉታል። ቃሉን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ቡዳ ጮክ ተብሎ አይባልም። በር ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ ነው። «ብረቱን የሠራው ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» ይባልና ዝም ይባላል። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ።

ዝምታው ዋጋ አስከፈለ። የጋሽ ታደሰ አንድያ ልጁ ሰብለ ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ተወስኖ ነበር። ወሬው ኦሎምፒያ የሚኖሩት የሙሽራው ቤተሰቦች ጆሮ ደረሰ። ሽማግሌ ላኩ። «ነገሩ እስኪጣራ ትንሽ ይቆይልን» አሉ። እስኪጣራ ማለት ይቅር ማለት መሆኑን የማያውቅ ሀበሻ የለም። ሰብለ ቤቷን ዘግታ ተኛች። ጋሽ ታደሰ ደግሞ መሬት መሬት እያየ መሄድ ጀመረ። ሕፃን ያዘለች ሴት ከፊቱ ስትመጣ እሱ ራሱ ቀድሞ ፊቱን ወደ አጥር ያዞራል። ያንን አያለሁ፤ ግን አሁንም ዝም።

እትዬ ብዙነሽ ይህ ሁሉ ሲሆን አልነበረችም፤ ወር ሙሉ ናዝሬት እህቷን ስታስታምም ቆይታለች። ተመልሳ ከታክሲ ስትወርድ ሰዉ በሙሉ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ስለ ውሃው ይጨቃጨቅ ነበር። ሻንጣዋን ሳታወርድ አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች።

«ማነው እዚህ አየር የከለከለው?» አለች።

እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ አልኩ።

«ልጄ፣ አየር አይደለም» አሉ እማማ ዘነበች፣ የጠቆረውን መስቀላቸውን ከአንገታቸው አውጥተው እያሳዩዋት። «ዓይን ነው።»

«የማን ዓይን?»

ሁሉም ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት አየ። እትዬ ብዙነሽም አየች፤ ወዲያው ገባት። ተቆጥታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። መስቀሉን ከእማማ ዘነበች እጅ ተቀብላ አሸተተችው።

«እሺ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ዓይን ይሁን። ዓይን ከሆነም ይፈተናል።»

በማግሥቱ ከሰይድ አራት ነጭ የለስላሳ ጠርሙስ ከነቆርኪው ለመነች። ከዚያው ሱቅ፣ ከአንድ ፓኬት፣ አራት ሚስማር ወስዳ እስኪያበሩ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገቻቸው። ግንብ ከሚገነባ ጎረቤት አንድ ጭብጥ ጀሶ ተቀበለች። ከዚያ አጓት ፈለገች። በዓቢይ ጾም የክርስቲያን ቤት አጓት ከየት ይመጣል? ዘይነባ ናት ያወጣችን፤ አይብ አውጥታ የቀራትን በጆግ ሙሉ ይዛ መጣች። እትዬ ብዙነሽ አጓቱን በጨርቅ አጠለለችው፤ ኮምጣጣነቱን በሶዳ ገደለችው፤ ጀሶውን በጠበጠችበት። ከታንከሩ ስር ደግሞ ጥቂት ጭቃ አወጣች።

«አሁን ስሙኝ» አለች፣ ሰዉ ዙሪያዋን ሲከባት። «አራቱም ጠርሙስ ውስጥ አንድ ዓይነት አጓት፣ አንድ ዓይነት ጀሶ፣ አንድ ዓይነት ሚስማር አለ። አራቱም ውስጥ ከጭቃው አንዳንድ የሻይ ማንኪያ እጨምራለሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሁለቱን ጭቃ በሚያፏጨው የእንፋሎት ድስቴ ደጋግሜ ቀቅዬዋለሁ። የሁለቱን አልቀቀልኩትም።» እስከ አፋቸው ሞላቻቸው። አንድ ጣት አየር እንኳ አላስተረፈችም። ቆርኪያቸውን ገጥማ በሻማ አሸገቻቸው፤ በተቀቀሉት ቆርኪ ላይ ጭረት አደረገችባቸው። ከዚያ አንድ ከተቀቀለው፣ አንድ ካልተቀቀለው አነሳችና ሁለቱን በጋዜጣ ጠቀለለቻቸው።

«አሁን ጋሽ ታደሰን ጥሩልኝ።»

ጋሽ ታደሰ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እነዚህን ሁለት ጠርሙሶች በደንብ እያቸው» አለችው። «አፍጥባቸው።»

«ብዙዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ።

«ማን እንደሚዋረድ ገና አልታወቀም። ቀና በል!»

ቀና አለ። ከስንት ሳምንት በኋላ ያን ጊዜ ነው የዓይኑን ቀለም ያየሁት። አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱም አያት፤ ቢሆንም ጠርሙሶቹን ትክ ብሎ አያቸው።

«በቃ» አለች እትዬ ብዙነሽ። «የተጠቀለሉትን ሁለቱን አላያቸውም፤ ምስክሮቼ ናችሁ። ዓይን ከሆነ ያያቸው ሁለቱ ይጠቁራሉ። እኔ የምጠረጥራት ባክቴሪያ ከሆነች ግን ያልተቀቀሉት ሁለቱ ይጠቁራሉ፤ አያቸውም አላያቸውም። አራቱም ሰይድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። የምትፈልጉትን ማውራት ትችላላችሁ፤ ጠርሙሱ ግን ከእናንተ በላይ ይናገራል።»

ሰይድ እንደዚያ ሰሞን ሸጦ አያውቅም። ሰዉ ክብሪት ሊገዛ ይመጣል፤ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው። እማማ ዘነበች በቀን ሦስት ጊዜ ክብሪት ይገዙ ነበር፤ ቤታቸው ሊቃጠል ነው ብለን ሰጋን። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምንም የለም። በአራተኛው ቀን እማማ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!» ብለው ወጡ።

እኔ ጨነቀኝ። ከሥራ ስመለስ ቤቷ ሄድኩ፤ በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ነው።

«ባይጠቁርስ?» አልኳት።

«ባይጠቁር ተሳስቻለሁ እላለሁ። አንተ ተሳስቻለሁ ብለህ ታውቃለህ?»

ሻይ ቀድታልኝ አስቀምጣ አስረዳችኝ። «ስንበላ ከምግቡ ጉልበት እናወጣለን። ጉልበቱ ሲወጣ ሸክም ይተርፋል፤ ኤሌክትሮን ይባላል። ሸክሙ የሆነ ቦታ መራገፍ አለበት፤ አለዚያ ሥራ ይቆማል።» ስለ ሸክም ለካርጎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገባኝ። «እኛ የምናራግፈው ኦክስጅን ላይ ነው፤ የምንተነፍሰውም ለዚሁ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን አየር የሌለበት ጭቃ ውስጥ ነው የሚኖሩት። እነሱ ሰልፌት ላይ ያራግፋሉ። ሰልፌት ጀሶ ውስጥ አለ፤ ከመሬት የሚወጣው ውሃችንም ውስጥ አለ። አንድ ሰልፌት ስምንት ኤሌክትሮን ይሸከማል።»

«ጉልበተኛ ነው።»

«ሰነፍ ነው እንጂ! እንደ ኦክስጅን እጁን ዘርግቶ አይቀበልም። ባክቴሪያዋ ከራሷ ጉልበት አውጥታ መጀመሪያ ትቀሰቅሰዋለች፤ ከዚያ ነው የሚሸከምላት። ሸክሙን ተቀብሎ ሲጨርስ ያ የእንቁላል ሽታ ይሆናል። ሽታው ብረት ሲያገኝ ጥቁር ዝቃጭ ይሠራል፤ ብር ሲያገኝ ያጠቁረዋል። ብረቱም ቀስ በቀስ ይበላል።»

«አየር ቢያገኙስ?»

«ሥራ ይፈታሉ። ለዚህ ነው ክዳን የሚወዱት። የሚሸት ነገር ሲኖር ክዳን አይጠበቅም፤ ይከፈታል።» እንዲህ ብላ እጄን አየችው። ጎማ ስቆርጥ የገባው ጥቁር ከጥፍሬ ስር ገና አልለቀቀም ነበር። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የሆሳዕና ዕለት ነው። ከመድኃኔዓለም ቅዳሴ ጨርሰን፣ ዘንባባውን በጣታችን አስረን ስንመለስ፣ ሰይድ ከሱቁ ወጥቶ መንገድ መሃል ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። «ኑ! ኑ! ጠቆረ! ወላሂ ጠቆረ!»

ያልሮጠ ሰው አልነበረም። እማማ ዘነበችም ሮጡ። ጋሽ ታደሰ ካያቸው ሁለት ጠርሙሶች አንደኛው እንደ ቀለም ጠቁሯል፤ ሚስማሩ እንኳ አይታይም። ጎኑ ያለው ግን እንደነበረ ነው፤ ሚስማሩ ያበራል።

«አንዱን በልቶ አንዱን ተወ ማለት ነው?» አለ አንዱ።

እትዬ ብዙነሽ በጋዜጣ የተጠቀለሉትን ሁለቱን አነሳችና ለእማማ ዘነበች ሰጠቻቸው። «እማማ፣ እርስዎ ይፍቱት። ዓይን ያላያቸው እነዚህ ናቸው።»

እማማ የመጀመሪያውን ጋዜጣ ገለጡት፤ ጥሩ ነው፣ ሚስማሩ ነጭ። ሁለተኛውን ገለጡት። ጥቁር! ድቅድቅ ያለ ጥቁር! ቆርኪዎቹን አየናቸው። የጠቆሩት ሁለቱም ጭረት የለባቸውም፤ ያልተቀቀሉት ናቸው። አንዱን አይቶታል፣ አንዱን በዓይኑ አላየውም፤ ሁለቱም እኩል ጠቁረዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ነበር የማውቀው፤ የእኛ እውነት እያደር ጠቆረ።

«ቡዳው ይኸውላችሁ» አለች እትዬ ብዙነሽ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ። «በዓይን የማይታይ፣ አባቱ ቀጥቃጭ ያልሆነ። አየር ነስታችሁ ያሳደጋችሁት እናንተው ናችሁ!»

መጀመሪያ እልል ያለችው ዘይነባ ናት። ከዚያማ ሰፈሩ ተናጋ። እኔ ግን እልልታውን ሰንጥቄ ገባሁ። «ክዳኑን የጠፈርኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ቀዳዳውንም የወተፍኩት እኔ ነኝ! ጋሽ ታደሰ፣ እግርህ ስር ልውደቅ!»

ወደቅሁም። እሱ ሊያነሳኝ ሲጎትተኝ እትዬ ብዙነሽ ከላይ ሆና «ተወው፣ ትንሽ ይተኛ» አለች። ሰዉ ሳቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ መቼ እንደምትመጣ ስጠብቅህ ነበር።» የታንከሩን ነገር ከመጀመሪያው ቀን አውቃው ኖሯል፤ አፌን ራሴ እንድከፍት ነበር የተወችኝ።

ቆየት ብሎ ጫጫታው በረደ። እማማ ዘነበች አልሳቁም፣ እልልም አላሉም። ወደ ቤታቸው ገቡ። የተቀየሙ መስሎን ነበር። ሲመለሱ ገና ዳዴ የማይለውን የልጅ ልጃቸውን ይዘዋል። ቀጥ ብለው ጋሽ ታደሰ ጋ ሄዱና ሕፃኑን እቅፉ ውስጥ አስቀመጡት።

«እየው» አሉት። «እየው ልጄ፤ በደንብ እየው።»

ጋሽ ታደሰ አየው። ሕፃኑም አየውና ጢሙን ያዘ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

በሰሞነ ሕማማት ታንከሩን አራግፈን ጭቃውን አወጣን፤ በበረኪና አጠብነው። ጋሽ ታደሰ የተበላውን ወለል ቆርጦ አዲስ በየደ፤ ክዳኑ ላይም ወንፊት ያለው የአየር መውጫ ሠራለት። ሲበይድ ሰዉ ፊት ለፊቱ ተደርድሮ ያየዋል፤ ሆን ብሎ፣ እንዲታይ። ሽታው ጠፋ። የኦሎምፒያ ሽማግሌዎች ተመልሰው ሲመጡ የተቀበለቻቸው እትዬ ብዙነሽ ነበረች፤ ጥቁሩን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቁማ ከኤሌክትሮን ጀምራ ስታስረዳቸው ዋለች። በመጨረሻ አንደኛው «እባክሽ፣ ገብቶናል፤ ልጅቱን ስጡን» ብለው ለመኑ። ሰብለ በዳግማይ ትንሣኤ ተዳረች። እትዬ ብዙነሽ ጫማዋን አውልቃ ጨፈረች፤ በእማማ ዘነበች አንገት ላይ የነበረው መስቀልም ተወልውሎ ያበራ ነበር።

ከዚያ ብዙ ዓመት አለፈ። ለቅሶው ቀን ጋሽ ታደሰ በሰብለ ልጆች ተደግፎ መጣ። ሸምግሏል። ድንኳኑ መሃል ሲደርስ ከካፖርቱ ኪስ ያንን ጥቁር ጠርሙስ አወጣ። ለካ እሱ ነው ያስቀመጠው! አንድም ቃል ሳይናገር ሻማውን ፋቀና ቆርኪውን ከፈተው።

ሽታው ድንኳኑን ሞላው። ከናዝሬት የመጡ አንድ አዛውንት ዘመዷ ደንግጠው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩና «ማነው?!» አሉ።

ይሄኔ ነው የሳቅነው። ሰይድ ጠረጴዛ ተደግፎ ሳቀ። ዘይነባ እያለቀሰች ሳቀች። ያኔ የጋሽ ታደሰን ጢም የያዘው ሕፃን አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ እሱ ተነሥቶ የድንኳኑን መጋረጃ ወደ ላይ ጠቀለለው። «አየር ይግባ!» አለ፤ ልክ እንደሷ።

አየሩ ገባ። ጋሽ ታደሰ ጠርሙሱን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ አየን፤ ሕፃን ያቀፉትንም፣ ያላቀፉትንም። ማንም ፊቱን አላዞረም።